ከመርከቡ የወረዱትስ?

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ስለ ደንከርክ የተሠራውን ፊልም አይቶ «አያቴ፣ ወታደሮቹ ከጀልባው ከወረዱ በኋላ የት ሄዱ?» አለኝ። ደግ ጥያቄ ነው። ፊልም ጀልባውን ያሳያል እንጂ ዳቦ ቆራሹን ብዙም አያሳይም።

ዘመኑ 1932 ዓ.ም. ነው፤ ጃንሆይ ገና በእንግሊዝ አገር በስደት ነበሩ። የጀርመን ጦር እንግሊዞችንና ፈረንሳዮችን በፈረንሳይ ጠረፍ፣ ደንከርክ ላይ ከባሕሩ ጋር አጣበቃቸው። ከግንቦት 18 እስከ 27 ከ338 ሺህ በላይ ሰው በባሕር ተሻገረ። ከእነዚህ ከ40 ሺህ በላይ የሚሆኑት የወረዱት ራምስጌት በምትባል የእንግሊዝ የመዝናኛ ከተማ ነው። የዓሣ አጥማጁም የሽርሽሩም ጀልባ ተሰብስቦ፣ ነዳጅና መመሪያ ተቀብሎ የሚነሣው ከዚሁ ወደብ ነበር። ሲመለስ ደግሞ የከተማው ሰው ሻይ፣ ዳቦና ደረቅ ልብስ ይዞ ይቀበላል። ከዚያ ልዩ ባቡር ወደ መሀል አገር ይወስዳቸዋል።

ከራምስጌት ከተነሡት አንዱ ቻርለስ ላይቶለር ናቸው፤ ከታይታኒክ መስመጥ የተረፉት መኮንን። 66 ዓመታቸው ነበር። ባሕር ኃይሉ ጀልባቸውን «ሰንዳውነርን» ሲፈልግ፣ «እኔው ራሴ እነዳታለሁ» አሉ። የመጀመሪያ ልጃቸውን ሮጀርንና አንድ ወጣት ስካውት ይዘው ግንቦት 24 ተሻገሩ። ከ21 ሰው በላይ ጭና በማታውቅ ጀልባ ወደ 130 የሚጠጉ ወታደሮች አመጡ። የእኛ ሚኒባስ በሕጉ 12 ሰው ነው የሚጭነው (በሕጉ ነው ያልኩት)፤ ከአሥር ሚኒባስ የማያንስ ሰው ማለት ነው። ራምስጌት ደርሰው ወታደሮቹ ሊወርዱ ሲነሡ ጀልባዋ ልትገለበጥ ምንም አልቀራትም።

እኔን የነካኝ ሌላው ነው። የጠላት አውሮፕላን ሲመጣባቸው ሽማግሌው ጀልባዋን እንዴት እንደሚያስመልጡ ያውቁ ነበር። የአየር ጥቃትን ዘዴ ያስረዳቸው የመጨረሻ ልጃቸው ብራያን ነው፤ አብራሪ ነበር። እንግሊዝ ጦርነት ባወጀች ማግስት ጀርመንን ለመደብደብ በርሮ አልተመለሰም። ደንከርክ ሲደርሱ ብራያን ከሞተ ዘጠኝ ወር ገደማ ሆኖታል።

ይህን ስነግረው ልጁ ዝም ብሎ ቆየ። ስለ ባቡሩ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «አባቱ ያን ጊዜ እሱ ያላቸውን አልረሱም ነበር?» አለኝ።

አልረሱም አልኩት።