ዝናብ ያስቀረው ጕብኝት



የሚከተለውን አሳቤን በአንባብያን ደብዳቤ ዐምድ ላይ ያወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ የአንድ ትምህርት ቤት ጉዳይ ቢመስልም፥ በየመሥሪያ ቤቱ ቀጠሮ የሚሰጠውንም የሚቀበለውንም ሁሉ የሚመለከት ነው።

በሶደሬ አቅራቢያ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ያለፈውን የሚያዝያ 27 የድል በዓል ምክንያት በማድረግ 42 ተማሪዎቼን ወደ አዲስ አበባ ወስጄ የአርበኞቻችንን መታሰቢያዎች ለማሳየት አስቤ ነበር። አራት ኪሎ ያለውን የሚያዝያ 27 ሐውልት፥ ስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት፥ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስቶች ጥይት የተገደሉትን የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት አይተን፥ በመጨረሻ አፍንጮ በር ወደሚገኘው የኮርያ ዘማቾች መታሰቢያ ልንሄድ ነበር። እዚያም አንድ የቃኘው ሻለቃ ሽማግሌ በ9 ሰዓት ሊጠብቁን ቃል ሰጥተውናል። ተማሪዎቹ ለአውቶቡስ ኪራይ ከመስከረም ጀምሮ ከምሳቸው እየቀነሱ ገንዘብ አዋጥተዋል። «ድንጋይ ለማየት ይህን ያህል ወጪ ምንድን ነው?» ያሉ ወላጆችም ነበሩ፤ እነሱንም ለምነን አስፈቀድን።

በዋዜማው ማታ ዝናብ ጀመረ፤ ሌሊቱን ሲወርድ አደረ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ስንሰበሰብ ከተራራው የወረደው ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ነበር። አውቶቡሱ ወዲያ ማዶ፥ እኛ ወዲህ ማዶ ቆመን ቀረን። ሾፌሩ «የሰው ልጅ ጭኜ ጎርፍ ውስጥ አልገባም» አለ። ትክክል ነው፤ አመሰግነዋለሁ። ጎርፉ የጎደለው ረፋዱ ላይ ሲሆን፥ መንገዱ በደለልና በድንጋይ ተሞልቶ ስለ ነበር የዚያን ቀን ጕዞ ተሰረዘ።

ልጆቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ከአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ተጠልለው ሳሉ፥ አንዲት ተማሪ «ጋሼ፥ በኛ አገር መታሰቢያ የለም ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም ወዲያው የምመልሰው አጣሁ። በኋላ ግን ድፍርሱን አዋሽ እያሳየሁ እንዲህ ስል ነገርኋቸው። ይህ ውሃ ወደኛ የሚመጣው ከቆቃ ግድብ ነው። ኢጣልያ በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የጦር ካሣ እንድትከፍል ተወስኖባት ነበር፤ በ1948 ዓ.ም. ስለ አከፋፈሉ ስምምነት ተደረገ፤ ከካሣውም ገንዘብ በ1952 ዓ.ም. ቆቃ ተሠርቶ ተፈጸመ። ስለዚህ በዚያ ግድብ ኀይል የበራ መብራት ሁሉ የሰማዕታቱ ደም ዋጋ አለበት። ውሃው በተኛበት መሬት ይኖሩ የነበሩ የጅሌ ኦሮሞ ቤተሰቦችም ቀያቸውን ለቀዋል፤ የእነርሱም ነገር ሊረሳ አይገባውም።

ደግሞም የቃኘው የመጀመሪያው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ ሲዘምት ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ድረስ የሄደው በባቡር ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው መርከብ የተሳፈረው። ሐዲዱም የሚያልፈው በናዝሬት (ዛሬ አዳማ በምንላት) ነበር። ከ6 ሺህ የሚበልጡ ዘማቾች ተራ በተራ ኮርያ ሄደዋል፤ ከ120 በላይ የሚሆኑት ወድቀዋል፤ በጠላት እጅ የተማረከ ግን የለም። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ዝናቡን ረሱት። እኔ ግን አፈርሁ። በደጃችን ያለውን ሳላሳያቸው መቶ ኪሎ ሜትር አልፈው እንዲሄዱ ሰባት ወር ገንዘብ አስቆጥሬአቸው ነበርና።

ኢያሱ ሕዝቡን ዮርዳኖስን ካሻገረ በኋላ ከወንዙ መካከል ዐሥራ ሁለት ድንጋይ አስወጥቶ ያቆመው፥ ልጆች አይተው እንዲጠይቁና አባቶች እንዲመልሱ ነው። ድንጋዩ የሚጠቅመው ጠያቂና መላሽ ሲገናኙ ነው። ልጁ ሳይደርስ ቢቀር፥ ወይም መላሹ ቢያልፍ፥ «ድንጋይ ለማየት ነው ወይ?» ያሉት ወላጆች እውነት ይዘዋል ማለት ነው።

ስለ ሆነም ዝናቡን መውቀስ አይገባም። በሚያዝያ የበልግ ዝናብ እንደሚጥል ገበሬው ያውቃል፤ እኔ መምህሩም ማወቅ ነበረብኝ። ጥፋቱ በዓል ሲደርስ ብቻ አባቶቻችንን የማስታወስ ልማዳችን ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፥ የገጠር ትምህርት ቤቶች ጕብኝት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የበጋ ወራት ቢደረግና ምትክ ቀን አብሮ ቢያዝ። የኪራዩም ውል ላይ «በዝናብ ቢቀር ቀኑ ይተላለፋል» የሚል ቃል ይግባበት። እኛ ይህን ስላልጻፍን የከፈልነው ቀብድ ሳይመለስ ቀርቷል።

ሁለተኛ፥ ሌላ ቀን እንዲሰጠን በስልክ ስንጠይቅ «በማኅተም የተደገፈ አዲስ ደብዳቤ ይዛችሁ ቅረቡ» ተባልን። ደብዳቤያችን በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ሳለ፥ ቀኑን ብቻ ማስተካከል የአንድ መስመር ሥራ አልነበረምን? ይህን ጋዜጣ በየቢሮው የምታነቡ ወንድሞቼና እኅቶቼ ትፈርዱ ዘንድ ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ሦስተኛ፥ በቆቃ መንገድ ዳርና በአዳማ በቀድሞው ባቡር ጣቢያ አጠገብ፥ ታሪኩን በኦሮምኛና በአማርኛ የሚናገር ትንሽ ሰሌዳ ቢቆም። እኔ ስመላለስ እንዲህ ያለ አላየሁም። ወጪው ከአንድ ቀን ስብሰባ መስተንግዶ የሚበልጥ አይመስለኝም።

እነዚያን ሽማግሌ በማግሥቱ በስልክ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ከከሰዓት በኋላ እስከ ምሽት ድረስ ጃንጥላ ይዘው ጠብቀውን ኖሯል። አልተቆጡም። «ልጄ፥ ኮርያ በረዶው እስከ ጕልበት ነበር፤ ዝናብ መልካም ነው፤ አይዞህ፥ ይመጣል ይሄዳል። ነገር ግን እኔ ዘጠና አልፌአለሁና ቀጠሮውን አታርቀው» አሉኝ።

አዲሱን ደብዳቤ ማኅተም አስመትቼ ልኬአለሁ። መልሱን እየጠበቅሁ ነው።



አንድ የታሪክ መምህር
ከሶደሬ