ዝም ያሉትን ማን ይቆጥራቸዋል?

«በማኅበራዊ መገናኛ የሚደረግ ፖለቲካዊ ውይይት» በሚል ርእስ ጥናት ለመሥራት የሚነሣ ተማሪ በዝቷል። መብዛቱን አልጠላውም፤ የዘመናችን ዐደባባይ ያ ነውና። የሚያሳስበኝ የዕቅዱ ነገር ነው። በቅርቡ እንዳያቸው የተሰጡኝ ንድፎች ሁሉ አንድ መልክ አላቸው፤ ጥቂት የፌስቡክ ገጾች ይመረጣሉ፣ አስተያየቶች ይሰበሰባሉ፣ «ድጋፍ»፣ «ተቃውሞ»፣ «ጥላቻ» ተብለው ይከፈላሉ፣ በመጨረሻም መቶኛ ይሰላል። የሕዝቡ ሐሳብ ታወቀ ማለት ነው!

መቁጠር ከንቱ ነው አልልም። በ2007ቱ ምርጫ ዙሪያ የአዲስ አበባና የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች «መቻቻል» ብለው ያካሄዱት ጥናት፣ ከመረመራቸው የፌስቡክ አስተያየቶች የጥላቻ ንግግር ሆኖ ያገኘው 0.7 በመቶውን ብቻ ነበር። «እዚያ ያለው ስድብ ብቻ ነው» ለሚል ሰው ይህ ጥሩ መልስ ነው። ነገር ግን በቁጥር ያነሰ ቃል በጉዳቱም ያንሳልን? በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተገደሉትን የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረን እናስብ። ከመገደላቸው በፊት ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን የያዙ ጽሑፎች በፌስቡክ ተሰራጭተው ነበር፤ ልጃቸውም በ2015 ዓ.ም. በናይሮቢ ፍርድ ቤት ሜታ ኩባንያን ከሰዋል። እነዚያ ጥቂት ጽሑፎች በሰንጠረዥ ውስጥ ቢገቡ ወደ ዜሮ የሚጠጉ ቁጥሮች ናቸው።

ቋንቋውስ? አንድ ሰው «እግዜር ይስጣቸው፣ መብራቱን አጥፍተው ከዋክብቱን አሳዩን» ብሎ ቢጽፍ፣ የቸኮለ ቆጣሪ «ድጋፍ» ከሚለው ዘንድ ይመድበዋል። በሰምና ወርቅ ያደገን ሕዝብ ንግግር ወርቁን ሳይፈልጉ መቁጠር ሰሙን ይዞ መቅረት ነው። ለዚህም ነው እያንዳንዱን አስተያየት ቢያንስ ሁለት ሰዎች ለየብቻ እንዲያነቡት፣ የተለያዩበትንም እንዲከራከሩበት የምሟገተው። የጥናቱ ፍሬ ያለው እዚያ ክርክር ውስጥ ይመስለኛል።

ከሁሉ የከፋው ግን ዝምታን አለመቁጠር ነው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘግቶ ነበር። በትግራይ ጦርነቱ ከተጀመረበት ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. አንሥቶ መዘጋቱ ከሁለት ዓመት በላይ ዘልቋል። በእነዚያ ጊዜያት የተሰበሰበ አስተያየት በብዛት የሚያሰማን የዋሽንግተንን፣ የለንደንንና የሪያድን ድምፅ ነው። እነዚህም ወገኖቻችን ናቸው፤ ነገር ግን ስልኩ የተዘጋበትን ሰው ተክተው አይናገሩም። በንድፉ ውስጥ መስመሩ የተቋረጠባቸው ቀኖች ከአስተያየቶቹ ጎን ለጎን ካልተመዘገቡ፣ አንባቢ የታፈነውን ሁሉ የተስማማ ሊመስለው ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታስረው፣ በኋላም በሽብር ተከሰው እንደነበር አንረሳም። በብዕር ስም የሚጽፍ ሰው የሚሸሸገው ወዶ አይደለም። ተመራማሪው ቃሉን እንዳለ ገልብጦ ቢጠቅስ፣ ያንኑ ዐረፍተ ነገር በመፈለጊያ ውስጥ ያስገባ ሁሉ ጸሐፊው ደጃፍ ይደርሳል። ስሙን ሰርዣለሁ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ሐሳቡን በራስ ቃል መመለስ፣ ሲቻልም ባለቤቱን ማስፈቀድ ይገባል። «በይፋ የተጻፈ ነው» የሚለውን ሰበብ አልቀበለውም።

መሣሪያዎቹም ቢሆኑ የሚታመኑ አይደሉም። ብዙ አጥኚዎች ይደገፉበት የነበረውን ክራውድታንግልን ሜታ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ዘግቶታል።

ምክሬን ለጠየቀኝ ተማሪ ያልኩት ይህን ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ምንም አትሰብስብ፣ ቁጭ ብለህ አንብብ፤ ማን ማንን «ወንድሜ» እንደሚል፣ ማን በምን ቀን ዝም እንዳለ ጻፍ። «ጋሼ፣ መምሪያው ለጠቅላላ ሥራው የሰጠኝ አራት ወር ነው» አለኝ። እንግዲህ በቅድሚያ መከራከር ያለብን ከመምሪያው ጋር ነው።