የአእምሮ ሕሙማን በቅርባቸው ቢታከሙስ?

በአጥቢያዎ የአእምሮ ሕመምተኛ ያለበት ቤተሰብ ያውቃሉ? ላያውቁ ይችላሉ፤ ብዙዎች «ሰው ምን ይለናል» ብለው ይሸሽጉታልና።

ለሮቤና ለጎባ ነዋሪ የአእምሮ ሕክምና ለረጅም ዘመን አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ማለት ነበር፤ መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ዛሬ የጎባ ሆስፒታል አለ። ሆኖም ከዲንሾ ወይም ከአጋርፋ ገጠር ለሚመጣ ገበሬ፣ በተለይ በስንዴ አጨዳ ወቅት፣ በየቀጠሮው ለመድኃኒት መመላለስ ቀላል አይደለም። በመሐል መድኃኒቱ ይቋረጣል፤ ሕመሙም ያገረሻል።

ታዲያ ሕክምናው በአቅራቢያ ጤና ጣቢያ ቢሰጥ ጥራቱ ይጓደላል? ይህ ጥያቄ በአገራችን ተፈትኗል። በቡታጅራ አካባቢ ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 329 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን የአእምሮ ሕክምና ነርሶች በሚመሩት ተመላላሽ ክሊኒክ፣ ሌላው ሥልጠና በወሰዱ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ታከመ። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ የጤና ጣቢያዎቹ ታካሚዎች መሻሻል ከክሊኒኩ ታካሚዎች አላነሰም።

በሶዶ ወረዳ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ከመድኃኒቱ ሌላ ምን እንደሚያስፈልግ አሳየ። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች ከጤና ጣቢያው ሕክምና ጋር፣ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ሲደግፏቸው፣ የዕለት ኑሯቸውን የመምራት አቅማቸው ሕክምናውን ብቻ ካገኙት ይልቅ ተሻሻለ።

ስለዚህ በባሌ እንዲህ ያለ አገልግሎት ሲመዘን ስንት ሰው ተመዘገበ ብቻ አይጠየቅም። መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ይገኛል ወይ? ከቀጠሮ የቀረውን ቤቱ ሄዶ የሚጠይቀው አለ ወይ? ሰውየው ወደ እርሻው፣ ወደ ዕድሩ ተመልሷል ወይ?

የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች እኛን አማኞችን ይመለከቱናል። ጌታ እንደሚፈውስ እናምናለን፤ እንጸልያለንም። ነገር ግን «ተፈውሰሃልና መድኃኒትህን ጣል» የሚለው ምክር ሕመሙን ሊያገረሽ፣ ወንድማችንንም ለሰንሰለት ሊዳርግ ይችላል። ወንጌል ጸሐፊው ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር። ደጉ ሳምራዊም ቁስሉን አስሮ ብቻ አልሄደም፤ ለእንግዶች ማደሪያው ከፍሎ፣ ተመልሶ እንደሚመጣም ተናግሮ ነው የሄደው።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት የዚያን ቤት ደጃፍ ያንኳኩ። ይጸልዩላቸው፤ የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ እንደሆነም ይጠይቁ፤ ቢችሉ አብረው ይሂዱ። ጌታ ይርዳን።