ሕግ ምን ይላል? የባቡር ሐዲድ ሠራተኛውና ኩባንያው

አረም ማቃጠል ለገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። ነፋስ ከተነሣ እሳቱ ወደ ሰው እንደሚዞር ሁላችን እናውቃለን። ዛሬ የምናነበው በአሜሪካ አገር በእንዲህ ያለ እሳት ምክንያት ስለ ተጎዳ ሠራተኛ ነው።

ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር 1951 ነበር። ሰውየው የሚዙሪ ፓስፊክ ባቡር ኩባንያ ሠራተኛ ነው። በሐዲዱ ዳር የበቀለውን አረም በችቦ እንዲያቃጥል ታዘዘ። ባቡር ሲመጣም ሥራውን አቁሞ፣ የመንኮራኩሮቹ ዘንግ አለመጋሉን እንዲያይ ታዟል። ባቡሩ ሲያልፍ ነፋሱ እሳቱን አራገበው። ነበልባሉና ጢሱ ከበቡት። ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ሸሸ። ከአንድ የውሃ መውረጃ ድልድይ ላይ ሲደርስ ጠጠሩ አንሸራተተው። ወደቀ፤ ክፉኛም ተጎዳ።

ሠራተኛው ኩባንያውን ከሰሰ። «ባቡር በሚያልፍበት ዳር እሳት ያስነሣኝ ኩባንያው ነው። ድልድዩም ለመቆሚያ አይመችም» አለ። ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች ሰምተው ፈረዱለት። የሚዙሪ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን «የጉዳቱ ምክንያት ራሱ ነው» ብሎ ፍርዱን ሻረበት። ሰውየው ተስፋ አልቆረጠም። እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ አቤት አለ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1957 የሚዙሪን ፍርድ ሻረ። የአሠሪው ቸልተኝነት ለጉዳቱ በጥቂቱም ቢሆን ምክንያት ከሆነ፣ አሠሪው ይጠየቃል አለ። በ2011 በሌላ የባቡር ሠራተኛ ክስ ይህንኑ አጸና።

ፍርዱ የቆመው በ1908 በወጣ የባቡር ሠራተኞች ሕግ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሠራተኛው ራሱ ጥቂት ካጠፋ፣ ወይም ጉዳቱን ያደረሰው የሥራ ጓደኛው ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። በአዲሱ ሕግ ግን ጥፋቱ ይከፋፈላል። ከአሥር እጅ ጥፋት አራቱ የሠራተኛው ቢሆን፣ ካሳው በአራት እጅ ይቀነሳል እንጂ አይቀርም።

ነገር ግን ካሳው እንዲሁ አይሰጥም። የአሠሪውን ቸልተኝነት ማስረዳት የሠራተኛው ድርሻ ነው።

ሕግ እንደየአገሩ ይለያያል። ማስረጃ ግን የትም ይጠቅማል። በሥራ ላይ ጉዳት ከደረሰብዎ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ያዘዘዎትን ሰውና ያዩትን ምስክሮች ስም ወዲያው ይጻፉ። ሰው ይረሳል፤ የተጻፈ ግን ይቆያል።

ጥያቄ፦ ሠራተኛው እሳቱን የለኮሰው በራሱ እጅ ነው። ታዲያ ኩባንያው ለምን ተጠያቂ ሆነ? ከጎረቤትዎ ጋር ተወያዩበት።