ምጣድ ያልተፈቀደለት ተከራይ

ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር)፣ ከእንግዲህ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር አይገባም የሚለውን ውሳኔ ለምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ከገለጹ ወዲህ፣ በየማኪያቶው ጠረጴዛ ዙሪያ ሁለት ሃይማኖት ተፈጥሯል። አንዱ ወገን «መብራት በሌለበት አገር ምን የመብራት መኪና!» ይላል። ሌላው ወገን «ዓለምን ቀደምናት!» ይላል። ሁለቱንም ሳዳምጥ ከረምኩና ትዕግሥቴ አለቀ። ሁለቱም ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ራሳቸው መኪና ነው።

በመጀመሪያ ከተጠራጣሪዎቹ ጋር ልጨርስ፤ የነሱ ይቀላል።

መብራት ይጠፋል ይሉኛል። ይጠፋል! ማን ካደ? ግን ወዳጆቼ፣ ቤንዚንስ አይጠፋም? ማደያ በር ላይ ተሰልፎ ያደረ ሰው በዚህች ከተማ ጠፍቶ ነው? ማደያው ራሱ ቤንዚኑን ከመሬት ስቦ የሚያወጣው በመብራት መሆኑንስ ረሳችሁት? መብራት ሲሄድ ፓምፑም አብሮ ይሄዳል፤ ጄነሬተር ካልተነሣ ቀጂው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ባትሪ ያለው መኪና ግን እንደ ግመል ነው፤ ውኃ ባገኘበት ሰዓት ጠጥቶ፣ በሌለበት ሰዓት ይሄዳል። ለሦስት ሰዓት መብራት ቢጠፋ የሚጎዳው ወፍጮ ቤቱና ፀጉር አስተካካዩ እንጂ ግቢ ውስጥ ቆሞ የሚያድረው መኪና አይደለም።

«ኃይሉ አይበቃም» የሚለውም ክርክር ቢሆን ከቤታችን ጓዳ ዘልቆ አያውቅም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ስትሰካ ከሦስት እስከ አራት ኪሎዋት ትስባለች። ተራ የግድግዳ ሶኬት ላይ የተሰካ መኪና የሚስበው ሁለት ኪሎዋት አካባቢ ነው። እንግዲህ ከምጣዷ ያነሰ ማለት ነው! ስምንት ሰዓት ተሰክቶ ቢያድር ወደ 16 ኪሎዋት ሰዓት ይጠራቀምለታል፤ ይህ መካከለኛ መኪናን ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ያስኬደዋል። ከአያት ቦሌ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ከበቂም በላይ ነው። እናቶቻችን አንድ ሰፈር ሙሉ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ምጣድ ሲሰኩ «አገሪቱ ይህን አትችልም» ብሎ ጽሑፍ የጻፈ ሊቅ አላነበብኩም።

ደግሞ ወጪውን ተመልከቱ። የቤንዚን ዋጋ ከ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በሊትር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። መቶ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ስምንት ሊትር የሚጠጣ መኪና ከ800 ብር በላይ ይበላል። በቤት ቆጣሪ የተሞላ መኪና ግን ታሪፉ ከጨመረም በኋላ ለዚያው ጉዞ ሁለት መቶ ብር እንኳ አይፈጅም። የከተማችን ከፍታም ከኤሌክትሪኩ ጋር ወግኗል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ላይ የተቀመጠች፣ አየሯ የሳሳ ከተማ ናት፤ የቤንዚን ሞተር እዚህ ሲመጣ እንደ ባሕር ዳርቻ እንግዳ ቁና ቁና ይተነፍሳል፣ ከጉልበቱም አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም። ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድ እንዲያውም ፍሬኑ ባትሪውን ይሞላዋል። ከቤንዚንስ ጋር ቁልቁለት ወርዶ ነዳጅ ጨምሮ የደረሰ ሰው ታውቃላችሁ?

ከሁሉም በላይ ግን ቤንዚኑ የኛ አይደለም። አንዲት ጠብታ ሳይቀር በዶላር ተገዝታ፣ ጅቡቲ ተራግፋ፣ ራሱ ናፍጣ በሚጠጣ ቦቴ ተጭና ትመጣለች። መብራታችን ግን ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ስለዚህ «አይሆንም» የሚለውን ወገን ይህን ይዘህ ወደ ቤትህ ግባ እለዋለሁ። ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ጠቤ ልምጣ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር አንድ ልቦለድ በእጃቸው ሲገባ ተማሪዎቼን በቅድሚያ የምጠይቃቸው «የሚናገረው ማነው?» ብዬ ነበር። የጋዜጣውን ማስታወቂያ፣ የቴሌቪዥኑን ዘገባ፣ የስብሰባውን ንግግር በዚያው ዓይን አየሁት። «ወደ ኤሌክትሪክ እንሸጋገራለን» ይላል። ግሡ የብዙ ነው፤ እኛ ነው ባለቤቱ። እኛ ማን ነን? በዚህች ከተማ ውስጥ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር ነው። ከቀረው አብዛኛው በታክሲና በአውቶቡስ ነው። የግል አውቶሞቢል ያለው ጥቂት ነው። «እንሸጋገራለን» የሚለው ግሥ እንግዲህ የሕዝቡን ብዛት ተውሶ የጥቂቶችን ጉዳይ ይናገራል። ይህ የሰዋስው ስሕተት ቢሆን ኖሮ በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበት አልፈው ነበር። ግን ገንዘብ አለበት።

በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ እንዲሆን ተወሰነ፤ ተገጣጥሞ የመጣው 15 በመቶ ጉምሩክ ብቻ፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ጨርሶ ተበትኖ የመጣው ምንም እንዳይከፍል ተደረገ። ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ደግሞ ባረጀ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጭኖ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። አሮጌ ቪትዝ በዕቁብ ለመግዛት የሚያልም መምህር ላይ አምስት እጥፍ፤ ባለ ስክሪን አዲስ መኪና በሚሊዮን ብር ለሚገዛ ነጋዴ ምሕረት። ነጋዴው አይጠቀም አላልኩም፤ ይጠቀም! ግን ይህን «የሕዝብ ሽግግር» አትበሉብኝ።

ይህ ነጋዴ ግቢ አለው። ግቢው ዘበኛ አለው። ዘበኛው ከሚቀመጥበት በላይ በስሙ የተመዘገበ ቆጣሪ አለው። የኤሌክትሪክ መኪና ተግባራዊነት የሚባለው ነገር ሲተነተን ሲተነተን መጨረሻው ይኸው ነው፦ ግቢና ቆጣሪ። የሌለውስ?

አዲስ አበባ የተከራይ ከተማ ናት። የተከራየ ሁሉ ውሉን ያውቃል፤ ያልተጻፈውን ውል ማለቴ ነው። «ካውያ አይቻልም። ስቶቭ አይቻልም። ምጣድ በፍጹም አይቻልም።» እንጀራ ከሱቅ የሚገዛው ሁሉ ሰነፍ መስሏችሁ ነበር? አከራይዋ እትዬ ቆጣሪውን በዓይነ ቁራኛ ይጠብቃሉ፤ እሳቸውም ክፉ ሆነው አይደለም፣ የአምስት ተከራይ መብራት በአንድ ቆጣሪ ላይ እየተደመረ በከፍተኛው የታሪፍ እርከን ስለሚመታቸው ነው። እንግዲህ ለዚህ ተከራይ፣ ምጣድ ለተከለከለው ሰው፣ መኪና ሰካ ልንለው ነው?

ኮንዶሚኒየም ያለውስ ቢሆን? ባለቤት ነው፣ ቆጣሪም አለው። ግን ቆጣሪው አራተኛ ፎቅ የሚያስገባው መብራት ነው፤ መኪናው ሜዳ ላይ ነው። እኛ ብሎክ ውስጥ አንድ ጎረቤት በመስኮት ገመድ አውርዶ ሲሞላ አይቼዋለሁ። ዝናብ ሲጥል ልጆቻችንን ከዚያ ገመድ ሥር ስንሰበስብ የከረምነው የሽግግሩ ምስክሮች ነን።

ስለ መለዋወጫም አንድ ሁለት ልበል። አንድ ወዳጄ ከአንድ አስመጪ (ስሙ ይቅርብን) የገዛው መኪና ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር በቻይንኛ ነው። አንድ ቀን ቀይ ጽሑፍ በራበት። «ተጠንቀቅ» ይሁን «እንኳን አደረሰህ» እስካሁን አላወቀም። አስመጪው ስልኩን አያነሣም። ቀድሞ ቢሆን ሶማሌ ተራ ወርዶ የዲኤክሱን ዕቃ ከፈለገው ደጅ ይለቅም ነበር፤ የሰፈሩ መካኒክም በድምፁ ብቻ ሰምቶ «ካንዴላ ነው» ይለው ነበር። ያ መካኒክ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የለውም፤ ግን በእጁና በጆሮው የያዘው የአርባ ዓመት ዕውቀት ነው። ለእሱ ምን አሰብንለት? የሥልጠና ቦታ? ብድር? ወይስ «ዓለምን ቀደምናት» እያልን እናልፈዋለን?

የባትሪውም ዋጋ በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር ዘለለ። ለነዳጅ የምናወጣውን ዶላር አዳንን ብለን ለባትሪ ልንከፍለው እንችላለን፤ ይህን አስቀድሞ የሚያሰላ ሰው እፈልጋለሁ።

ደግሞስ እኛ ለኤሌክትሪክ ጉዞ እንግዳ ነን እንዴ? መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ አይደለም? 34 ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ 41 ባቡር፣ አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር። ሲጀመር ሕዝቡ እንዴት እንደተጋፋበት አስታውሳለሁ፤ በጥቂት ብር ከአያት ጦር ኃይሎች! ከዚያ መለዋወጫ ጠፋ፣ ዶላር ጠፋ፣ ባቡሮቹ አንድ በአንድ ዴፖ ገብተው ቆሙ፤ ከ41ዱ በጣት የሚቆጠሩት ብቻ የሚሠሩበት ዓመት መጣ። ሾፌሩ ለድሃ የሚሄድ ኤሌክትሪክ ሲቆም ማንም «ሽግግሩ ከሸፈ» ብሎ አልጮኸም። ለዚህ ነው የዛሬውን ጭብጨባ በጥርጣሬ የማየው። መሐንዲሶቹን አልጠራጠርም፤ የምጠራጠረው ቅደም ተከተሉን ነው።

እስቲ በሂሳብ እንነጋገር፤ ሂሳብ አስተማሪ ባልሆንም። አንድ የቢሮ ሠራተኛ በግል መኪናው በቀን 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ሁለት ሊትር ተኩል አይሞላም የሚፈጀው። የቀረውን ሰዓት መኪናው ቆሟል። አንድ ነጭና ሰማያዊ ሚኒባስ ግን ከንጋት እስከ ማታ 150 ኪሎ ሜትር ቢመላለስ፣ ያ ያረጀ ሞተር 18 ሊትር ያህል ይጠጣል። አሥራ ሁለት ሰው (በሥራ መውጫ ሰዓትማ ስንት እንደሆነ ወያላው ነው የሚያውቀው) ይጭናል። አንድ ሚኒባስ ወደ ኤሌክትሪክ ቢዞር የሰባት የግል መኪና ያህል ነዳጅ ይድናል፣ ጭሱም ከእግረኛው አፍንጫ ላይ ይነሣል። መንግሥትም ይህን አያውቅም አይባልም። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማ በየደረጃው መነሣት ሲጀምር የሕዝብ ማመላለሻዎች ድጎማው እንዲቀጥልላቸው የተደረገው ለምን ነበር? ከተማዋን የሚሸከሙት እነሱ መሆናቸው ታውቆ ነው። ታዲያ ቤንዚን ሲወደድ የታወሰው ሚኒባስ፣ ቀረጥ ሲነሣና ብድር ሲታሰብ ለምን ይረሳል?

እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ቻርጅ ማድረጊያው ከሆቴልና ከሞል ጓሮ አስቀድሞ ታክሲ ተራ ይግባ፤ መገናኛ፣ ሜክሲኮ፣ ሳሪስ። በሚኒባስና በአውቶቡስ ላይ የሚገባው ኤሌክትሪክ መኪና ከአውቶሞቢሉ የተሻለ ብድር ያግኝ፤ ባንኩ ዋስ ሲጠይቅ ቤት የሌለው ሾፌር ዋስ የት ያመጣል? ተከራይም ሆነ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ የራሱ ቆጣሪ የሚያገኝበት ሕጋዊ መንገድ ይከፈት፤ ይህ ለመኪናው ብቻ ሳይሆን ለምጣዱም ይጠቅማል። ሕዝቡ ግማሽ የሚሆነው ገና መብራት ባላገኘበት አገር ግሪዱ የሚሰፋው ለማን ብሎ መጠየቅ ነውር ሊሆን አይገባም።

ባለፈው ሰሞን ከቦሌ ወደ መገናኛ ስሄድ ጋቢና ተቀምጬ ሾፌሩን አዋየሁት። ዕድሜው ከሠላሳ አይበልጥም፤ መኪናው ከሱ ትበልጣለች።

«ኤሌክትሪክ ሚኒባስ ቢሰጡህ ትነዳለህ?» አልኩት።

«ኧረ ጋሼ፣ በደስታ! ለቤንዚን ሰልፍ ግማሽ ቀኔ ነው የሚሄደው።»

«ታዲያ ምን ያግድሃል? ገንዘብ?»

«ገንዘቡስ እሺ፣ ማኅበር አለን፣ ዕቁብ አለ። ግን የት ልሰካው? ይቺ የምታድረው አስፋልት ዳር ነው። ለጥበቃው በወር እየከፈልኩ።»

«ጥበቃው የሚያድርበት ቦታ መብራት የለውም?»

ሳቀ። «አለው እንጂ። አንድ አምፖል። እሷም ከፎቁ ባለቤት ተለምና ነው፤ በአሥራ አንድ ሰዓት ትነቀላለች።»