መኪኖቹ እስኪነጋገሩ ድረስ ርቀታችንን እንጠብቅ

በሎስ አንጀለስ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን እንጀራችን ከመሪ ጋር የተያያዘ ነው። ታክሲ የሚነዳው፣ ለኡበርና ለሊፍት የሚሠራው፣ ከባድ መኪና ይዞ ከስቴት ስቴት የሚመላለሰው ወገናችን ጥቂት አይደለም። ከተማው በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ከሰየመው የፌርፋክስ ሰፈራችን ተነስተን ወደ ደቡብ ጥቂት እንደነዳን ፍሪዌይ 10 ውስጥ እንገባለን። እዚያ ደግሞ የፊተኛውን መኪና ተጠግቶ መንዳት እንደ ቅልጥፍና ይቆጠራል። ክፍተት የተወ ሰው ሌላው ይገባበታል፤ ከኋላውም ጡሩምባ ይነፋበታል።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአገራችን ትራፊክ ፖሊስ የአደጋ መንስኤዎችን ሲዘረዝር «ርቀትን ጠብቆ አለማሽከርከር» የሚለውን ያልሰማ ማን አለ?

ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰዓት 60 ማይል የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 27 ሜትር ያህል ይጓዛል። የፊተኛው መቆሙን አይተን እግራችን ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅብን፣ ፍሬን ሳንነካ 40 ሜትር ሄደናል ማለት ነው። የካሊፎርኒያ የመንጃ ፈቃድ መጽሐፍ የሦስት ሴኮንድ ርቀት ተዉ የሚለው ለዚህ ነው።

ታዲያ መፍትሔው ከተገኘ ሰንብቷል። መኪኖች ያሉበትን ቦታ፣ ፍጥነታቸውንና ፍሬን መያዛቸውን በሴኮንድ አሥር ጊዜ በሬዲዮ ይነጋገራሉ፤ መልእክቱም እስከ 300 ሜትር ድረስ ይሰማል። እኛ የምናየው የፊተኛውን መብራት ብቻ ነው። ሬዲዮው ግን ከትልቅ መኪና ጀርባ የተሰወረው አምስተኛው መኪና ፍሬን ሲይዝ ወዲያው ይነግረናል። እንዲህ በሬዲዮ የሚነጋገሩ ስምንት መኪኖች በ1997 በሳንዲያጎ ፍሪዌይ 15 ላይ በመካከላቸው 6 ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ትተው በፍሪዌይ ፍጥነት ተከታትለው ሲሄዱ ለሕዝብ ታይቷል።

ከዚያስ ምን ሆነ? የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን በ1999 ለዚሁ ሥራ 75 ሜጋኸርትዝ የሬዲዮ ሞገድ መድቦ ነበር። የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ በ2016 መጨረሻ መሣሪያው በአዳዲስ መኪኖች ሁሉ እንዲገጠም የሚያስገድድ ረቂቅ ደንብ አወጣ። ደንቡ ሳይጸድቅ ቆየና በ2020 ኮሚሽኑ 45ቱን ሜጋኸርትዝ ለዋይፋይ ሰጠው። ረቂቁም በ2023 ተነሳ። በቀረው 30 ሜጋኸርትዝ ላይ በ2024 አዲስ መመሪያ ቢወጣም መኪና ሠሪዎችን የሚያስገድድ ግን አይደለም።

በእኛ እምነት ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ይህ መሣሪያ አንድ ሰው ገዝቶ ብቻውን የሚጠቀምበት ዕቃ አይደለም። የሚያነጋግረው ሌላ መኪና ከሌለ ዲዳ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ሁሉም ሲይዘው ነው የሚሠራው። ሁሉም እንዲይዘው የሚያደርገው ደግሞ እንደ ደኅንነት ቀበቶው ሕግ ነው። ደንቡ በጊዜው ጸድቆ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንገዛቸው ያገለገሉ መኪኖች መሣሪያውን ይዘው መምጣት በጀመሩ ነበር። አሁን ግን ገንዘብ ያለው በካሜራና በራዳር የተሞላ መኪና ይገዛል፤ ሾፌር የለሾቹ የዌይሞ ታክሲዎችም ከ2024 ጀምሮ በዚህችው ከተማ ለሕዝብ ክፍት ሆነው በራሳቸው ዓይን ይሄዳሉ። በአሮጌ መኪና እንጀራውን የሚጋግረው ወገናችን ግን በገዛ እግሩ ፍጥነት ላይ ቀርቷል።

«መንግሥት የት እንደምንሄድ ሊከታተለን ነው» የሚል ስጋት ይነሳ ይሆናል። ከስለላ ሸሽቶ ለመጣ ሰው ስጋቱ ተገቢ ነው። ረቂቁ ግን መልእክቱ የባለቤቱን ስምም ሆነ ሌላ ማንነቱን የሚገልጽ ነገር እንዳይዝ የሚከለክል ነበር። ሕጉ ሲመለስ ይህም አብሮ እንዲመለስ መጠየቅ እንጂ ሕጉን መተው መልስ አይሆንም።

ድምፅ መስጠት የምንችል ወገኖች ጥያቄውን ለተወካዮቻችን ማቅረብ አለብን። እስከዚያው ሦስቱን ሴኮንድ የሚጠብቅልን ራሳችን ብቻ ነን። ከኋላ የገጨ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛ የሚባለው እሱ ነው። ኢንሹራንሱ ይጨምርበታል፤ መኪናው ጋራዥ በቆመባቸው ቀናት ቤተሰቡ ገቢ የለውም። ይህ ሁሉ ሰው ካልተጎዳ ነው። ክፍተታችን ውስጥ አንድ መኪና ቢገባብን ፍጥነታችንን ቀንሰን እንደገና እንተው። የሚያስዘገየን ሦስት ሴኮንድ ነው።

ቸር ያግባን።