ወፍጮው ላይ መቆም

በ2002 እ.ኤ.አ. የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ራሳቸው ያወጡትን ቁጥር ራሳቸው አረሙ። ጥናቱ በ90 ትልልቅ የአሜሪካ ከተሞች የአየር ብክለትና ሞት ያላቸውን ዝምድና የሚመረምር ነበር። በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ በ10 ማይክሮግራም ሲጨምር ዕለታዊው የሞት መጠን በ0.41 በመቶ ከፍ ይላል ብለው ነበር። ዳግም ሲያሰሉት 0.27 በመቶ ሆነ። መረጃው ያው ነው፤ አንድም ሟች አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም። የተለወጠው በተጠቀሙበት ሶፍትዌር ውስጥ የተቀመጠ አንድ ልክ ነው። እንዲህ ያለው ስሌት በአንድ ጊዜ አያልቅም፤ እየተመላለሰ ወደ መልሱ ይጠጋል፣ በሁለት ዙሮች መካከል ያለው ልዩነት ከተወሰነ ልክ ሲያንስም «ይበቃል» ብሎ ይቆማል። አስቀድሞ ተሞልቶ የመጣው ልክ ለዚያ ጥናት የላላ ነበርና ማሽኑ መንገድ ላይ ሳለ ደርሻለሁ አለ።

ብክለት ይገድላል የሚለው ድምዳሜ አልወደቀም። መጠኑ ግን ሲሶ ያህል ወረደ፤ የአየር ጥራት ደንብ የሚወጣው ደግሞ በመጠን ነው።

እናቶቻችን ይህን ነገር ያለ ኮምፒውተር ያውቁታል። ዛላውን መርጣ የገዛች፣ የቀነጠሰች፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ደልዛ፣ ከኮረሪማና ከበሶብላ ጋር ያዘጋጀች እናት በርበሬዋን ወፍጮ ቤት አስረክባ አትሄድም። ቆማ ታስፈጫለች። ከእሷ በፊት ምን እንደተፈጨ ትጠይቃለች፤ መጀመሪያ የሚወጣውን ዱቄት በመዳፏ ይዛ ታያለች። ድካሟ ሁሉ በመጨረሻዋ ሰዓት በሌላ ሰው ብረት ውስጥ እንደሚያልፍ ታውቃለችና።

ለወራት ገጠር ለገጠር ዞረን መጠይቅ የሞላን ሰዎች፣ መረጃውን ለሶፍትዌር ስናስረክብ ግን ዞር ብለን አናይም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር እዚህ ላይ ነው። በቁጥር የምትወስን አገር፣ ቁጥሩን የሚፈጭላትን ወፍጮ ከፍተው የሚያዩ፣ ካስፈለገም ፈትተው መልሰው የሚገጣጥሙ ሰዎች ያስፈልጓታል። ይህ ችሎታ ሶፍትዌርን ከምንጭ ኮድ መገንባት ይባላል። ብዙዎች የኮምፒውተር ባለሙያ ጣጣ አድርገው ይተዉታል። እኔ የምርምር ሥነ ምግባር አካል ነው እላለሁ።

ለዚህ አር ከተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሥሩ በ1976 በአሜሪካው ቤል ላብስ ጆን ቼምበርስና ባልደረቦቹ የጀመሩት ኤስ የተባለ ቋንቋ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒውዚላንድ፣ በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን ለማስተማሪያ የሚሆን ተመሳሳይ ቋንቋ መሥራት ጀመሩ። ዕጣውን የወሰነው ግን የ1995ቱ ምርጫ ነው። በዙሪክ ይሠራ የነበረው ማርቲን ሜክለር ጎትጉቷቸው ሶፍትዌሩን በነፃ ፈቃድ ለቀቁት፤ የሚያገኘው ሁሉ ምንጩን ጭምር የማግኘት፣ የመለወጥና የማከፋፈል መብት ይኖረዋል ማለት ነው። በ1997 ዋናው የአልሚዎች ቡድንና ክራን የተባለው የፓኬጆች ማከማቻ ተመሠረቱ። 1.0.0 የተባለው እትም የካቲት 29 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. ወጣ። ዛሬ በክራን ከ20,000 በላይ ፓኬጆች አሉ፤ የዚያ የ1.0.0 እትም ምንጭ ኮድ ሳይቀር አሁንም ከዚያው ይወርዳል።

ምንጭ ኮድ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ነው። ማሽን የሚረዳው ኮምፓይለር ፈጭቶ ሲያወጣው ነው። አብዛኞቻችን የምናወርደው የተፈጨውንና የታሸገውን ነው፤ ነውር የለበትም፣ እኔም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ አደርጋለሁ። ነገር ግን አንድ ጊዜ እንኳ ራሱ የገነባው ሰው ስለ ቁጥር ያለው አስተያየት ይለወጣል። ለምን እንደሆነ ሂደቱን በቅርብ ማየት ይጠቅማል።

መጀመሪያ የሚሠራው ኮንፊገር የተባለው ስክሪፕት ነው። እሱ ምንም አይገነባም፤ ማሽኑን ይጠይቃል። ሲ ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኮምፓይለር አለህ? ፎርትራን ለተባለውስ? የተጨመቀ ፋይል የሚፈታው ላይብረሪ የት አለ? አስርዮሽ ቁጥር የምትይዘው በስንት ቢት ነው? ጀማሪ በብዛት የሚሰናከለውም እዚህ ነው። ከትእዛዝ መስመር የሚጻፈውን የሚቀበለው ሪድላይን የተባለ ላይብረሪ ማሽኑ ላይ እያለ ኮንፊገር «የለም» ብሎ ይቆማል። ምስጢሩ ቀላል ነው፤ እንደ ዴቢያንና ኡቡንቱ ያሉ የሊኑክስ ስርጭቶች ላይብረሪውን በአንድ ፓኬጅ፣ በውስጡ ምን እንዳለ ለኮምፓይለር የሚናገሩትን ፋይሎች በሌላ ፓኬጅ ለያይተው ያስቀምጣሉ። ለመጠቀም የመጀመሪያው ይበቃል፤ ለመገንባት ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ይህን እንቅፋት ያለፈ ተማሪ ትምህርት ይዞ ይወጣል። አር የሚባል አንድ ዕቃ እንደሌለ፣ ውጤቱ በሌሎች ብዙ ሰዎች ሥራ ትከሻ ላይ እንደቆመ በዓይኑ ያያል።

ቀጥሎ ግንባታውን የሚያስኬደው ሜክ የተባለ ትእዛዝ ይመጣል። ኮምፓይለሮቹ የሲና የፎርትራን ፋይሎችን አንድ በአንድ ይፈጫሉ። ከዚያ የሚያስደንቀኝ ነገር ይሆናል፤ ገና የተወለደው አር ሥራውን ተረክቦ የራሱን ቀሪ አካል መሥራት ይጀምራል። አብረውት የሚመጡት 14 መሠረታዊና 15 የተመረጡ ፓኬጆች የሚሰናዱት በዚህ መንገድ ነው። ገንቢው ምርጫም ይገጥመዋል። የማትሪክስ ስሌት የሚሠራው ብላስ የተባለ ላይብረሪ ነው። አር የራሱን ይዞ ይመጣል፤ እንደ ኦፕንብላስ ያለ ፈጣን መተካትም ይቻላል። ፈጣኑ ቁጥሮችን የሚደምርበት ቅደም ተከተል ሌላ ነው፤ ኮምፒውተር አስርዮሽ ቁጥርን በ15 ወይም 16 አሃዝ ያህል ስለሚይዝም ቅደም ተከተሉ ሲለወጥ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ሊለወጡ ይችላሉ። ማሽኑም ልዩነት ያመጣል። በተለመዱት የኢንቴል ሊኑክስ ማሽኖች አር ሲደምር የ80 ቢት ትክክለኛነት መጠቀም ይችላል፤ አዲሶቹ የአፕል ማሽኖች ግን ከ64 ቢት አያልፉም። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ልዩነት ማንንም አይጎዳም። «ይበቃል» የሚለው ልክ አፋፍ ላይ ያለ ስሌት ሲሆን ግን ከላይ እንዳየነው ትንሹ ነገር ይናገራል።

ሦስተኛው እርምጃ ሜክ ቼክ ነው። አዲሱ ግንባታ ተከታታይ ፈተና ይሰጠዋል፤ መልሱም አስቀድሞ ከተቀመጠ መልስ ጋር ይነጻጸራል። መዝለል ይቻላል፤ ብዙዎችም ይዘልሉታል። እኔ ግን ይህን ደረጃ በመዳፍ ተይዞ ከሚታየው የመጀመሪያ ዱቄት ለይቼ አላየውም።

እትሞችም ይለያያሉ። በሚያዝያ 2019 የወጣው አር 3.6.0 በዕጣ የሚመርጥበትን መንገድ ለወጠ፤ የቀድሞው በጣም ትልቅ ከሆነ ዝርዝር ውስጥ ሲመርጥ ዕድሉን ፍጹም እኩል አያደርግም ነበር። በዚህ ምክንያት አንድ ዓይነት መነሻ ቁጥር ሰጥተን በአሮጌውና በአዲሱ እትም ቤተሰቦችን ብንመርጥ የሚወጡልን ቤተሰቦች ሌሎች ናቸው። ለውጡ በይፋ ተጽፏል፤ ወደ ድሮው መመለሻም ተትቷል። በየትኛው እትም እንደሠራ ያልመዘገበ ተመራማሪ ግን የራሱን ናሙና ራሱ መልሶ ማውጣት ሊያቅተው ይችላል።

ለአማርኛ አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው ማስረጃ የገዛ ፊደላችን ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. የዓለም ፊደላት የጋራ ሰንጠረዥ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ሆኖም በዊንዶውስ ላይ አር ለብዙ ዓመታት ከአሮጌው የፊደል ሰንጠረዥ ጋር ተቆራኝቶ ቆየ፤ ዊንዶውስ ደግሞ ለግዕዝ የሚሆን እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ አልነበረውም። የወረዳ ስሞች ያሉበት ሰንጠረዥ ሳትም በስሞቹ ፈንታ በቅንፍ የታጠረ የቁጥር ጋጋታ ያየሁበትን ቀን አልረሳም። ስሞቹን በላቲን ፊደል ጻፍናቸው። ጨንቻን አንዱ በአንድ ዓይነት፣ ሌላው በሌላ ስለጻፈው አንድ ወረዳ ሁለት ሆኖ ተቆጠረ። እስክናገኘው ድረስ አማካዩ ስህተት ነበር።

ችግሩ በሚያዝያ 2022 በአር 4.2.0 ተፈታ። አፈታቱ ነው የሚያስተምረው። አንድ መስመር ማረም አልበቃም። አር በዊንዶውስ ላይ የሚደገፍበትን አሮጌ የሲ መሠረት ዩኒኮድን በሚቀበል አዲስ መሠረት መተካት ነበረበት፤ በአሮጌው የተፈጨና በአዲሱ የተፈጨ ደግሞ አይቀላቀሉም። ስለዚህ ኮምፓይለሩ፣ ላይብረሪዎቹና ፓኬጆቹ ከምንጫቸው ዳግም ተገነቡ። «ጨንቻ» በዊንዶውስ አር «ጨንቻ» ተብሎ የታተመው በዚህ ድካም ነው። ፊደላችን የኖረውም የጠፋውም በግንባታው ደረጃ ነበር፤ ምንጩ በእጅ ባይሆን ኖሮ ያ ሁሉ ዳግም ግንባታ ሊታሰብም አይችልም ነበር።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ክብደት ስላላቸው በአግባቡ መመለስ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው ምንጩ ክፍት መሆኑ ብቻውን ዋስትና አይደለም የሚለው ነው። እውነት ነው። አፍኒ በተባለው የአንጎል ምስል መተንተኛ ሶፍትዌር፣ ምንጩ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ሳለ፣ አንድ ስህተት 15 ዓመት ተቀምጦ የታረመው በ2015 ነው። የተከፈተ በር የሚገባበት ሰው ይፈልጋል። የኔም ክርክር ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ገብተው የሚያዩትን ሰዎች እናፍራ ነው የምለው።

ሁለተኛው የበለጠ ይከብዳል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኬን ቶምፕሰን በ1984 በታተመው የቱሪንግ ሽልማት ንግግሩ ላይ ኮምፓይለሩ ራሱ ሊመረዝ እንደሚችል አሳየ፤ ምንጩ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ወፍጮው ሲፈጭ መርዙን ይጨምርበታል። ወፍጮ ቤት ቆመን እህሉን ብቻ ማየታችን አይበቃም ማለት ነው። ዴቪድ ዊለር በኋላ ያቀረበው መልስ ደግሞ ባለሙያ ሴት የምትደርስበት ዓይነት ነው፦ ወፍጮውን ራሱን በሌላ፣ ከእሱ ጋር ዝምድና በሌለው ወፍጮ ሥራውና የሚወጣውን አስተያየው።

ሦስተኛው ከትናንት የመጣ ነው። በመጋቢት 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ከሩቅ ወደ ማሽን መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከነከነውና ተከታተለው። ኤክስዚ በተባለው የፋይል መጭመቂያ ውስጥ ስውር በር ተቀብሮ አገኘ። ዒላማው አር አልነበረም፤ ነገር ግን አር ሲገነባ ኮንፊገር ከሚፈልጋቸው ላይብረሪዎች አንዱ የዚሁ የኤክስዚ ነው። በሩን የሚከፍተው ስክሪፕት የተቀመጠው ሁሉም በሚያየው የኮድ ማኅደር ውስጥ ሳይሆን ለግንባታ በሚወርደው ጥቅል ውስጥ ነበር። ስለዚህ «ከምንጭ ነው የገነባሁት» ማለት ብቻ አያድንም፤ ምንጩ ከየት እንደፈለቀም መታወቅ አለበት። ይሁን እንጂ ያንን በር ያገኘው ማሽኑ ጤነኛ ሲሆን እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ፣ ጓዳው ድረስ የመግባት ልማድ ያለው ሰው መሆኑን አንርሳ። ግንባታ የሚሰጠን ይህን ልማድ ነው።

ጊዜና ኢንተርኔት የለም የሚለው ተቃውሞ ከእነዚህ ይቀላል። የአር ምንጭ ጥቅል ከ50 ሜጋባይት ያነሰ ነው፤ ደህና ላፕቶፕም ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይገነባዋል። ውድ የሆነው ሌላው መንገድ ነው። ቁልፉ ተሰብሮ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር የንግድ ሶፍትዌር ዋጋ የሌለው ይመስላል። ማን እንደሰበረው፣ ሲሰብር ሌላ ምን እንደነካ ግን የሚያውቅ የለም። በእሱ የተሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ ባለቤቱ በማያውቀው ሰው እጅ የተፈጨ ዱቄት ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ስታቲስቲክስ የሚያስተምር ክፍል ሁሉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቹን አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ አርን ከምንጩ ያስገንባቸው፤ ሜክ ቼክን ያስሩጣቸው፤ ከዚያ በታሸገው ይቀጥሉ። ጥናት ሁሉ በመጨረሻው ገጽ የሶፍትዌሩን እትም፣ የፓኬጆቹን ዝርዝርና የትኛው ብላስ እንደሠራ ይጻፍ፤ አር ይህን ሁሉ ሴሽንኢንፎ በተባለ አንድ ትእዛዝ ያወጣዋል። የአገር ቁጥር የሚያወጣ ተቋም ደግሞ መረጃውን በሚያስቀምጥበት መደርደሪያ ላይ መረጃውን የፈጨበትን ምንጭ ኮድም ያስቀምጥ፤ ከ20 ዓመት በኋላ የሚጠይቅ ይመጣልና።

የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች በ2002 ያደረጉትን ሳስብ የሚነካኝ ስህተቱ አይደለም። የታተመና የተጠቀሰ ቁጥራቸውን ይዘው ዝም ማለት ይችሉ ነበር። «ይበቃል» የሚለው ልክ የት እንደተቀመጠ ስላወቁ ግን ከፈቱት፣ አጠበቁት፣ 0.27 ነው ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ለዚያ ዓይነት ሐቀኝነት ቅን ልብ ብቻ አይበቃም፤ ወፍጮውን የሚያውቅ እጅም ይጠይቃል። ተማሪዎቻችን ያ እጅ እንዲኖራቸው እፈልጋለሁ።